ከስክሪናችሁ የጠፉት ስሞች፦ ለአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የሙዚቃ ክፍል የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጣቢያው የሙዚቃና መዝናኛ ክፍል ኃላፊዎች

ግልባጭ፦ ለኮንሰርት አዘጋጆችና ለአልበም አሳታሚዎች

ጉዳዩ፦ የግጥምና የዜማ ደራሲያን፣ የአቀናባሪዎችና የሙዚቀኞች ስም ከሙዚቃ ሥርጭት እንዲወጣ መደረጉን ይመለከታል

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በአዲስ አበባ የምንኖር ዘጠኝ የሙዚቃ አድማጮች ነን። ላለፉት ስድስት ዓመታት በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ በአንዳችን ቤት ተሰብስበን ዕቁብ እንጥላለን። ዕጣው የወጣለት ሰው ግን ብሩን ወደ ኪሱ አይከትም፤ ወይ አልበም ይገዛበታል፣ ወይ ለሁላችን የኮንሰርት ትኬት ይቆርጥበታል። አቦሉ ሲቀዳ አልበሙ ይጀመራል፤ በረካው ሳይጠጣ ማንም ስልኩን አይነካም። ከመካከላችን ጡረታ የወጡ መምህር፣ በካሴት ዘመን መርካቶ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ካሴት ሲገለብጥ የኖረ ሰው፣ አንዲት ነርስ፣ የታክሲ ሹፌርና ገና ዩኒቨርሲቲ ያልጨረሱ ሁለት ወጣቶች ይገኛሉ። ሙዚቀኞችን ለመወከል ሥልጣን የለንም፤ ቅሬታችን ከፍሎ የሚያዳምጥ፣ ማታ ማታም ጣቢያችሁን የሚከፍት ሰው ቅሬታ ነው። የጣቢያውን ስም በአደባባይ አልጻፍንም፤ በስልክም በአካልም ስለ ነገርናችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ባለፈው ዓመት አጋማሽ ላይ በሙዚቃ ሥርጭታችሁ አንድ ለውጥ አደረጋችሁ። ቀድሞ አንድ ክሊፕ ሲጀምር በስክሪኑ ግርጌ የድምፃዊው፣ የግጥም ደራሲው፣ የዜማ ደራሲውና የአቀናባሪው ስም ለጥቂት ሰከንዶች ይነበብ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚወጣው የድምፃዊው ስምና የዘፈኑ ርእስ ብቻ ነው። ስለ ለውጡ ለተመልካች የተነገረ ነገር ስላልነበረ የቴክኒክ ችግር መስሎን ሦስት ወር ጠበቅን። ለመጻፍ ያስገደደን ግን በበዓል ሰሞን ያስተላለፋችሁት የኮንሰርት ቅጂ ነው።

በዚያ ኮንሰርት ላይ ዘጠኛችንም ነበርን፤ የአራት ወር ዕቁብ ወጥቶበታል። ትኬቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን ዋናው ድምፃዊ መድረክ ላይ የወጣው ለ5 ሰዓት ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ነው። መምህራችን ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ያን ሁሉ ሰዓት ቆመው ጠበቁ። የካሜራ ክሬናችሁ ልክ ከፊታችን ተተክሎ ስለ ነበር ግማሹን ምሽት ያየነው የክሬኑን ጀርባ ነው። ይህንም ታገሥነው፤ ቢያንስ ቤታችን ሆነን በቴሌቪዥን በደንብ እናየዋለን ብለን ተጽናናን።

ወደ ማብቂያው ላይ ድምፃዊው ዘፈኑን አቁሞ ባንዱን ማስተዋወቅ ጀመረ። ድራመሩን ጠራ፤ ድራመሩ ተጫወተ። ቤዝ ጊታሪስቱን፣ ሊድ ጊታሪስቱን፣ ሁለቱን ኪቦርዲስቶች፣ ማሲንቆ ተጫዋቹን፣ ከኋላ ሲቀበሉ ያመሹትን ሦስት ልጆች እያንዳንዳቸውን ከነአባታቸው ስም ጠራ። ሳክስፎኒስቱ ተራው ሲደርስ ሽለላ ጀመረ። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላንና ፉከራን ከሰው ጉሮሮ ወደ ሳክስፎን እንዴት እንዳመጣው የሚያውቅ አድማጭ፣ ያን ወጣት ሲሰማ ከማን እንደተማረ ለመገመት አይቸገርም፤ በመንፈስ ማለታችን ነው እንጂ የልጁን ታሪክ አናውቅም። ማሲንቆ ተጫዋቹ ሽለላውን ተቀብሎ በራሱ መንገድ መለሰለት። አዳራሹ በዚያ ምሽት ለአንድም ዘፈን እንደዚያ አልጮኸም። በሰዓታችን 11 ደቂቃ ያህል ወስዷል።

በበዓሉ ዕለት ቤት ተሰብስበን፣ ዶሮው ቀርቦ፣ ያችን 11 ደቂቃ ስንጠብቅ ድምፃዊው ማይኩን ይዞ ወደ ባንዱ ዞረና አፉን ሲከፍት የለስላሳ መጠጥ ማስታወቂያ ገባ። ከማስታወቂያው ስንመለስ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ቤቱ የተቀመጠ ተመልካች ያ ሁሉ ጭብጨባ ለምን እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ዝግጅቱ ሲያልቅ በመዝጊያው ላይ የወጡትን ስሞች አንድ በአንድ አነበብን። ፕሮዲዩሰሩ፣ ዳይሬክተሩ፣ የካሜራ፣ የመብራትና የሜካፕ ባለሙያዎቹ፣ አልባሳት የሰጠው ድርጅት፣ መኪና ያቀረበው ድርጅት ሁሉም አሉ፤ መውጣታቸውም ተገቢ ነው፤ የሠራ ሰው ስሙ ሊነበብ ይገባዋል። ሙዚቃውን ከተጫወቱት ሰዎች መካከል ግን አንድም ስም አልነበረም።

በማግስቱ ስንደውል የሰማናቸው መልሶች ሦስት ነበሩ። የመጀመሪያው ስክሪኑ እንዳይጨናነቅ ነው የሚል ነበር። ዛሬ በስክሪናችሁ ግርጌ የሚሮጠው የማስታወቂያ ጽሑፍ፣ ከጎኑ የሚያብለጨልጨው የአጭር ቁጥር ሎተሪ፣ ከላይ በሁለቱም ማዕዘን የተቀመጡት ምልክቶች ባሉበት ሁኔታ አራት ሰከንድ የሚቆይ አንድ መስመር ያጨናንቃል መባሉን ለመቀበል ተቸገርን። ሁለተኛው፣ የፈለገ ሰው ዩቲዩብ ላይ ያገኘዋል የሚል ነው። አዎን፣ አንዳንድ አሳታሚዎች ከቪዲዮው ሥር ስሞቹን በሚገባ ይጽፋሉ፤ ነገር ግን ቴሌቪዥን ተከፍቶ የሚውልበት ቤት ሁሉ ኢንተርኔት የለውም፤ ዘፈኑን እየገለበጡ የሚጭኑትም በመጀመሪያ የሚያስቀሩት ያንኑ ጽሑፍ ነው። ሦስተኛው መልስ፣ "ሰው የሚያየው ዘፋኙን ነው" የሚለው፣ በዚህ ደብዳቤ ሰፋ አድርገን ልንመልስበት የምንፈልገው ነው።

አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የመጀመሪያውን የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ሲያሳትም፣ ሸክላ የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር፤ ደፍሮ ጣሰው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ በላይ ሸክላዎች አወጣ። ከመካከላችን አንዱ ከአባቱ የወረሳቸው ጥቂት ሸክላዎች አሉት። መሐላቸው ላይ ባለችው ክብ ወረቀት ከዘፋኙ ስም በታች በደቃቅ ፊደል የአቀናባሪው ስም ይነበባል። ግርማ በየነ የሚለውን ስም ወጣቶቻችን ያወቁት ከዚያች ወረቀት ነው። ግርማ በዚያ ዘመን በራሱ ድምፅ የቀዳቸው ዘፈኖች አራት ብቻ ናቸው፤ ለሌሎች ያቀናበራቸው ግን በአሥሮች ይቆጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1981 ከዋሊያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻግሮ እዚያው ቀረ፤ ለረጅም ዘመንም ከሙዚቃ ርቆ ኖረ። አካሌ ውቤ የተባለው የፈረንሳይ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2017 አብሮት አልበም ያወጣው፣ ከፊት ቆሞ ሲዘፍን ብዙ ሰው ስላየው አልነበረም፤ ስሙ በሥራዎቹ ላይ ተጽፎ ስለ ቀረ ነው።

የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይልቅ ግልጽ ነው። ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ ብቻውን ሆኖ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አዋህዶ አንድ ካሴት ሠራ። ከብዙ ዓመታት በኋላ አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ አገኘው። ካሴቱ ዘፋኝ የለበትም፤ "ሰው የሚያየው ዘፋኙን ነው" ቢባል ኖሮ ሽፋኑ ላይ የሚጻፍ ስም አይኖርም ነበር። ሰውየው ስሙን አነበበ፣ ኢንተርኔት ላይ ፈለገው፣ ስልኩን አግኝቶ ደወለለት። ኃይሉ በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳ ነበር። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ላይ እንደገና መጫወት ጀመረ። የእኛ የታክሲ ሹፌር ይህን ታሪክ በየወሩ ሳያነሣ አይቀርም፤ እንዲያሳጥር ብንለምነውም አልተሳካልንም።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ፣ ኤልያስ መልካ በ2012 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሲያርፍ ጣቢያችሁን ጨምሮ ብዙ ጣቢያዎች ረዘም ያለ ዝግጅት ሠርታችሁለታል። እርሱ ግን መድረክ ላይ ቆሞ የሚዘፍን ሰው አልነበረም። ሕዝቡ ለቀብሩ የወጣው፣ የኢዮብ መኮንንንና የዘሪቱ ከበደን አልበሞች ሲገዛ ሽፋኑን ገልጦ "ቅንብር፦ ኤልያስ መልካ" የሚለውን ደጋግሞ ስላነበበ ነው። ኤልያስ ከሙያ ጓደኞቹ ጋር በ2011 ዓ.ም. አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ያስጀመረውም ባለሙያው ከሥራው እንዲጠቀም ነበር። አሁን ባላችሁበት አሠራር ከቀጠላችሁ ዛሬ በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ አቀናባሪ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሲያርፍ፣ የዜና ክፍላችሁ ስለ ማን እንደሚዘግብ የሚጠይቀው ሰው ያጣል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ሌላ ቅሬታ አለን፤ የቆዩ ቅጂዎች ጉዳይ ነው። ቴሌቪዥን በአገራችን በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የተቀረጹና ከጊዜ የተረፉ የሙዚቃ ቅጂዎችን በበዓል ታሳዩናላችሁ። በጥቁርና ነጩ ምስል ውስጥ ኦርኬስትራው በሙሉ ልብስና በክራቫት ተሰልፎ ይታያል። ዘፋኙን ሁሉም ያውቀዋል። ትራምፔት የያዘው ሁለተኛው ሰውዬ ማን ነው? ፒያኖው ላይ ያለውስ? መምህራችን ከነዚያ ፊቶች አራቱን በስም ያውቋቸዋል፤ እርሳቸው በወጣትነታቸው ብሔራዊ ትያትር ደጃፍ ላይ ቆመው የሚያዳምጡ ሰው ነበሩ። እንደ እርሳቸው የሚያውቁ ሰዎች በየዓመቱ ይቀንሳሉ። የጣቢያችሁ ሠራተኞች አንድ ቀረጻ ይዘው ወደ እነዚህ ሽማግሌዎች ቢሄዱ በአንድ ከሰዓት ውስጥ ብዙ ስም ይሰበሰባል፤ አምስት ዓመት ከቆየ ግን የሚጠየቅ ሰው ላይገኝ ይችላል።

የነርሷ ቤተሰብ ጉዳይ በደብዳቤው እንዲካተት የጠየቅነው እኛ ነን፤ እርሷ አልፈለገችም ነበር። ታላቅ ወንድሟ በ1980ዎቹ በወጡ ካሴቶች ላይ ኪቦርድ የተጫወተና ጥቂት ዘፈኖችን ያቀናበረ ሰው ነበር፤ ካረፈ ቆይቷል። ካቀናበራቸው ዘፈኖች አንዱን ጣቢያችሁ አሁንም ድረስ ያሳየዋል። እናታቸው ፊደል አልቆጠሩም። ዘፈኑ ሲመጣ ግን ሥራቸውን ትተው ስክሪኑ ፊት ይቆሙና "ወጣ?" ብለው ይጠይቁ ነበር፤ ልጃቸው "ወጥቷል እማዬ" ትላቸዋለች። ባለፈው ዓመት አጋማሽ ላይ "ወጣ?" ብለው ሲጠይቁ ምን ብላ እንደምትመልስላቸው አልታወቃትም። ለጊዜው "ወጥቷል" ማለቱን መርጣለች፤ በዚህም ደስተኛ አይደለችም።

ነገሩ የስሜት ብቻ እንዳይመስላችሁ ሕጉንም እናስታውሳለን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪ ከሚያገኘው የኢኮኖሚ መብት በተጨማሪ የሞራል መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የሥራው አመንጪ እርሱ መሆኑ እንዲታወቅለት መጠየቅ ከእነዚህ መብቶች አንዱ ነው። አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ሲሻሻል ደግሞ ባለመብቶች በጋራ ተደራጅተው የሮያሊቲ ክፍያ የሚሰበስቡበት ሥርዓት ተካቷል። እኛ የሕግ ባለሙያዎች አይደለንም፤ ይሁን እንጂ አንድ ጣቢያ ያሰማውን ዘፈን ግጥም ማን እንደጻፈው፣ ዜማውን ማን እንደ ደረሰው ካልመዘገበ፣ የሚከፈለው ገንዘብ ለማን እንደሚደርስ ለመረዳት የሕግ ዲግሪ አያስፈልግም። በስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ከመዝገባችሁም ጠፍቶ እንደሆነ ስንጠይቅ መልስ የሰጠን ሰው አልነበረም። ይህን ጥያቄ አሁን በጽሑፍ እናቀርበዋለን።

የፕሌይባኩን፣ ማለትም ቀድሞ የተቀዳ ድምፅ እየተሰማ የሚጫወቱ የመምሰሉን ነገር በአጭሩ እንለፈው። በበዓል ዝግጅታችሁ ገመድ ያልተሰካበት ቤዝ ጊታር ሲመታ፣ ዱላው ሳይነካው የሚጮኽ ከበሮ ሲደለቅ አይተናል። ስቀናል፤ ሁለቱ ወጣቶቻችን ደግሞ ስልካቸው ላይ አስቀርተውታል። በቀጥታ ለማሰማት የስቱዲዮ ድምፅ አቅም እንደሚጠይቅ እንረዳለን። የሚያሳዝነው ግን በምስሉ ላይ የሚታየው ልጅ የሚያንቀሳቅሰው ጣት፣ ስቱዲዮ ገብቶ ሌሊቱን ሙሉ የቀዳው የሌላ ሰው ሥራ መሆኑ ነው፤ የታየውም ልጅ የሠራውም ሰው ስማቸው አይነገርም።

ግልባጭ የተደረገላችሁ አካላትም ድርሻ አላችሁ። የኮንሰርት አዘጋጆች ፖስተራችሁ ላይ የስፖንሰር ምልክት አሥራ አራት ደርሶ ቆጥረናል፤ ባንዱ ግን በአብዛኛው "በታዋቂ ባንድ ታጅቦ" ተብሎ ይታለፋል። የሰዓቱን ጉዳይ ቀደም ብለን ጠቅሰናል፤ ከዚህ በላይ ብንናገር ከርእሳችን እንወጣለን። አሳታሚዎች በበኩላችሁ ሲዲው ከገበያ ሲወጣ የሽፋኑን መጽሔት አብራችሁ ቀበራችሁት። ባለፉት ሁለት ዓመታት በዕቁባችን ከፍለን ካዳመጥናቸው ሃያ ሦስት አልበሞች ውስጥ የተጫዋቾቹን ዝርዝር በየትኛውም ቦታ ያገኘንላቸው ስድስት ብቻ ናቸው። የመርካቶው ወዳጃችን እንደሚለው፣ በካሴት ጊዜ ወረቀቱ የክብሪት ቀፎ ቢያህልም ስም ይበቃው ነበር፤ ዛሬ ወሰን የሌለው ስክሪን ይዘን ቦታ ጠበበ እንባላለን።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው። የግጥም ደራሲው፣ የዜማ ደራሲውና የአቀናባሪው ስም ወደ ክሊፖች ግርጌ እንዲመለስ፤ ቦታ ካነሰ ከሚሮጠው ማስታወቂያ ላይ አራት ሰከንድ እንዲቀነስ። በኮንሰርትና በበዓል ዝግጅቶች መዝጊያ ላይ የተጫወቱት ሙዚቀኞችና ተቀባዮች በሙሉ ከነመሣሪያቸው ስም እንዲጻፉ፤ ዝግጅቱ ፕሌይባክ ከሆነ በቀረጻው ላይ የተጫወቱት እነማን እንደሆኑ እንዲገለጽ። ያችን የተቆረጠችውን የ11 ደቂቃ ክፍል ጥሬ ቀረጻው ሳይጠፋ መልሳችሁ በማስገባት ኮንሰርቱን በሚቀጥለው በዓል በድጋሚ እንድታሳዩን። በቆዩ ቅጂዎች ላይ የሚታዩትን ተጫዋቾች ማንነት የሚያጣራ አንድ ሰው እንድትመድቡ፤ መምህራችን ያለ ምንም ክፍያ በፈለጋችሁት ቀን መጥተው የሚያውቋቸውን አራት ስሞች ለመስጠትና የሚያውቁ ሌሎች ሰዎችን ለመጠቆም ፈቃደኛ ናቸው። ለውጡ የተደረገው በማን ውሳኔና በምን ምክንያት እንደሆነ፣ እንዲሁም የግጥምና የዜማ ደራሲያን ስም በሥርጭት መዝገባችሁ ላይ መኖር አለመኖሩን በጽሑፍ እንድታሳውቁን።

የዚህ ደብዳቤ ፊርማና አድራሻ ያለበት ዋናው ቅጂ ለመዝገብ ቤታችሁ ገቢ ሆኗል። በሚቀጥለው የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ስንሰበሰብ መልሳችሁ ደርሶ ከሆነ ከአልበሙ በፊት እናነበዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የዘጠኙ የአልበም ዕቁብተኞች ጸሐፊ
አዲስ አበባ